ኦስቲን ኤርፖርት የተቀመጠችው ባርባራ ጆርዳን ማን ናት?

የእንጦጦ ልጅ

ሰላም ወገኖች። ኦስቲን ኤርፖርት ዊልቸር እየገፋሁ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት አለፈኝ። ሻንጣ መቀበያው ፎቅ ላይ አንዲት ጥቁር ሴት በነሐስ ሐውልት ተቀምጣለች። ተርሚናሉም የሚጠራው በስሟ ነው፤ ባርባራ ጆርዳን። በቀን ስንት ጊዜ በአጠገቧ እንደማልፍ ቆጥሬው አላውቅም። እስከ ባለፈው ወር ድረስ ግን ከስሟ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም።

ባለፈው ወር ከአውሮፕላኑ በር የተቀበልኳቸው ሰማንያ ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊት እናት ነበሩ። ሻንጣቸውን ይዤ ወደ መውጫው ስገፋቸው እጃቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ እዚህ ጋ ቁሚልኝ» አሉኝ። ፍሬኑን ያዝኩ። ጓንታቸውን ቀስ ብለው አወለቁና ከሐውልቱ እጃቸው የደረሰበትን ነኩት። «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት ለእሷ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ወደቆመበት መኪና እስክንደርስ ምንም አልተናገሩም።

እኔን ያ ንግግር እንቅልፍ ነሳኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው። ያነበብኩትን ላካፍላችሁ፤ የምታውቁት ጨምሩበት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው።

የተወለደችው በ1936 ሂዩስተን፣ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ነው። አባቷ የመጋዘን ሠራተኛ ነበሩ፤ ኋላ ላይ የባፕቲስት ሰባኪም ሆኑ። የእናቷ አባት ጆን ኤድ ፓተን ግን እኛ አገር ቆራሊዮ የምንለውን ሥራ ነበር የሚሠሩት። በበቅሎ ጋሪ እየዞሩ ጨርቅ፣ ወረቀትና ብረታ ብረት ይሰበስባሉ። ትንሿ ባርባራ እሑድ እሑድ ከአያቷ ጋር ሆና ዕቃውን ትለያለች፤ እሳቸውም ድርሻዋን ይሰጧታል። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡላትም እሳቸው ነበሩ።

ሃይስኩል እያለች ኤዲት ሳምፕሰን የተባለች የቺካጎ ጥቁር ጠበቃ ትምህርት ቤታቸው መጥታ ንግግር አደረገች። ባርባራ ያን ቀን ጠበቃ እሆናለሁ ብላ ወሰነች። ወደ ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1947 የተቋቋመው ጥቁሮች ኦስቲን ወዳለው ወደ ትልቁ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እንዳይገቡ ተብሎ ነው። ከዚያ ቦስተን ሄዳ በ1959 ሕግ ጨረሰች። ወደ ሂዩስተን ስትመለስ ቢሮ መከራያ ስላልነበራት ባለጉዳዮቿን የምታስተናግደው በወላጆቿ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

በ1962 እና በ1964 ለቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድራ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈች። በ1966 ግን የቴክሳስ ሴኔት ገባች። ከ1883 ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጥቁር አልነበረም፤ ጥቁር ሴት ደግሞ ከናካቴው ገብታ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ሴናተሮች፤ ሠላሳው ወንዶች፣ አንዷ እሷ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ድምፅዋና በኋላ ዋሽንግተን ስላደረገቻቸው ንግግሮች ነው። እኔን ያስገረሙኝ ግን እነዚያ ኦስቲን ሴኔቱ ውስጥ ያሳለፈቻቸው ስድስት ዓመታት ናቸው።

---

ዲቪ 2006

እህታችን፣ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል፤ እጅሽ ይባረክ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። በዘጠናዎቹ ዲቪ ይቅር፣ የወንድምና የእህት ማምጣትም ይዘጋ ያለው ኮሚሽን ሊቀመንበር እሷ አልነበረችም እንዴ? እኔ እዚህ አገር የገባሁት በዲቪ ነው። ወንድሜን ለማምጣት በ2011 ፋይል ከፍቼ እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው። ስለዚህ ስሟን ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ በደስታ አይደለም።

---

ሕግ አንባቢ

የዲቪውን ጉዳይ ሌላ ሰው ይመልስልህ። እኔ የእንጦጦ ልጅ ዘልላው ያለፈችውን ልጨምር፦ በ1962 እና በ1964 የተሸነፈችው ሴት በ1966 እንዴት አሸነፈች?

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምርጫዎች ለአንዱ ወንበር የሚመርጠው መላው የሃሪስ ካውንቲ ነበር። ጥቁሩ ሰፈር ሙሉ በሙሉ ለእሷ ቢወጣ እንኳ ነጩ ሰፈር በቁጥር ይውጠዋል። ፊፍዝ ዋርድ ቤት ለቤት እየዞረች ያሰባሰበችው ድምፅ ካውንቲው ባሕር ውስጥ ሰጠመ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፖል ታክስ የሚባል የመምረጫ ግብር ነበር። ብሩ ትንሽ ይመስላል፤ የሚከፈለው ግን ምርጫው ከመድረሱ ከወራት በፊት ነው። በሰው ቤት አጥቦና ተኩሶ ለሚያድር ሰው ያ ገንዘብ ዳቦ ነው።

ከዚያ ሁለት ነገሮች ተደራረቡ። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአላባማ በመጣ አንድ ክስ ላይ የስቴት ምክር ቤቶች የምርጫ ክልሎች በሕዝብ ብዛት መመጣጠን አለባቸው ብሎ ወሰነ። ቴክሳስም ሳትወድ በግድ ካርታዋን ቀየረች፤ ሂዩስተን ውስጥ 11ኛው የሴኔት ክልል ተፈጠረ። ክልሉ ፊፍዝ ዋርድን ይዞ፣ ጥቁሩንና ሜክሲኳዊውን ወዛደር አንድ ላይ ያሰባሰበ ነበር። በ1966 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የቴክሳስ ፖል ታክስ በፍርድ ቤት ወደቀ። እነዚያ እናት «ለመጀመሪያ ጊዜ» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ሴትዮዋ ያው ናት፤ ንግግሯም ያው ነው። የተቀየረው ካርታውና ሳጥኑ ጋ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

---

የእንጦጦ ልጅ

ሕግ አንባቢ፣ ተባረክ። እነዚያን እናት በዚያ ዓይን አላየኋቸውም ነበር፤ አሁን ዕድሜያቸውን ስቆጥር ልክ ይመጣል።

ሴኔት ውስጥ ስላደረገችው ልመለስ። በመጀመሪያው የስብሰባ ዘመን፣ በ1967፣ ብዙ አልተናገረችም። ደንቡን ነው ያጠናችው። የቴክሳስ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ ለ140 ቀናት ብቻ ስለሆነ ጊዜ የለም፤ ሁሉም ነገር በሩጫ ነው። ሴኔቱ ደግሞ የራሱ ልማድ ነበረው፦ አንድ ረቂቅ ተራውን ሳይጠብቅ ለውይይት እንዲቀርብ ሁለት ሦስተኛው መስማማት ነበረበት። ከ31 ውስጥ 21 ማለት ነው። ስለዚህ 11 ሰው ከያዝክ ማንኛውንም ረቂቅ ማቆም ትችል ነበር።

የመራጮችን ምዝገባ የሚያጠብቅ ረቂቅ መጣ። ቢያልፍ ኖሮ እነዚያን አዲስ መራጮች መልሶ የሚያስወጣ ነበር። አዲስ የገባችው ሴናተር ወደ መድረክ አልወጣችም፤ ጋዜጠኛም አልጠራችም። አንድ በአንድ እየዞረች አሥር ሴናተሮችን ያዘች፤ ራሷ አሥራ አንደኛ። ረቂቁ እዚያው ሞተ። አስቡት፣ ከጥቂት ወራት በፊት አብሯቸው የተቀመጠ ጥቁር አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በ1969 የቴክሳስ የመጀመሪያው የሚኒመም ዌጅ (የዝቅተኛ ክፍያ ወለል) ሕግ ወጣ፤ ከዋና አራማጆቹ አንዷ እሷ ናት። በሰዓት 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም። የፌዴራሉ በዚያን ጊዜ 1.60 ስለነበር ትንሽ ነው ትላላችሁ። ነገር ግን የፌዴራሉ ሕግ የማይነካቸው ብዙ ሠራተኞች ነበሩ፦ ላውንደሪ የሚሠሩ፣ የሰው ቤት የሚሠሩ፣ እርሻ ላይ የሚውሉ። ለእነሱ ከዚያ በፊት ወለል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቀጣሪው የፈለገውን ይሰጣቸዋል። በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሚከፈለውም ካሳ ከፍ እንዲል ታግላለች።

እኔ የመጣሁ ሰሞን ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ የሰዓት ክፍያዬን በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር የምተኛው። ለዚህ ነው ይህን ሕግ ሳነብ ያለቀስኩት።

---

ጋሽ ከዳላስ

ልጄ፣ ስለዚህች ሴት ማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። እኔ «እሳቸው» እላለሁ፤ ልማዴ ነው።

ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን ልንገራችሁ። ወይዘሪት ጆርዳን በ1972 ለዋሽንግተን ኮንግረስ ተመርጠው የሂዩስተንን 18ኛ ክልል ወከሉ። በ1979 መጀመሪያ ሲለቁ ወንበሩን የያዘው ሚኪ ሌላንድ ነው። የፊፍዝ ዋርድ ልጅ ነው፤ የተማረውም እሳቸው በተማሩበት በፊሊስ ዊትሊ ሃይስኩል ነው። እሱም በቴክሳስ ምክር ቤት ተወካይ ሆኖ ከቆየ በኋላ ነው ወደ ኮንግረስ የሄደው።

ሚኪ ሌላንድን የእኔ ዕድሜ ሰው ይረሳዋል? በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ስለ እኛ የጮኸ ሰው ነው፤ በኮንግረሱ የረሃብን ጉዳይ የሚከታተለውን ኮሚቴ ይመራ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1981 በእኛ አቆጣጠር ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ፉኝዶ የሱዳን ስደተኞች ካምፕ ሲበር አውሮፕላኑ ተራራ ላይ ተከሰከሰ። አሥራ ስድስት ሰው አለቀ፤ የእኛም ልጆች ነበሩበት። ፍርስራሹ እስኪገኝ ስድስት ቀን ፈጀ። ያን ሳምንት ክረምቱ ከባድ ነበር፤ ሬዲዮናችን ፊት ተቀምጠን «ተገኘ ወይ» እያልን እንደሰነበትን አስታውሳለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ስሙን በትክክል መጥራት አትችልም ነበር፤ ግን ለ«ያ ጥቁር አሜሪካዊ» ሻማ አብርታለታለች።

ሂዩስተን የሚገኘው ኤርፖርት ኢንተርናሽናል ተርሚናሉ በእሱ ስም ነው የተሰየመው። ከአገር ቤት በሂዩስተን በኩል የገባ ሰው የሌላንድን ስም አልፎ ይመጣል፤ ኦስቲን ሲደርስ ደግሞ የወይዘሪት ጆርዳንን። ሁለቱም የአንድ ሰፈር ልጆች፣ የአንድ ወንበር ሰዎች ናቸው።

---

የእንጦጦ ልጅ

ጋሼ፣ እኔ ያኔ አልተወለድኩም ነበር። ሂዩስተን ስገባ በዚያ በር ነው የወጣሁት፤ ስሙን አንብቤው ምንም አላልኩም።

---

ተቺው

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ዘውድ እየጫናችሁላት ነው። ሌላኛውንም ወገን እንስማ።

በ1971 ሴኔቱ የምርጫ ክልሎችን እንደገና ሲደለድል ከድልድሉ ኮሚቴ መሪዎች አንዷ እሷ ነበረች። ለኮንግረስ የሚመች አዲስ ክልል ሂዩስተን ላይ ተፈጠረ፤ የሴኔት ክልሏ ግን ተቆራረሰ። የቴክሳስ ምክር ቤት አባል የነበረው ጥቁሩ ከርቲስ ግሬቭስ በግልጽ ከሰሳት፦ ለራስሽ ወንበር ስትይ የሕዝቡን ወንበር ለነጮቹ ሸጥሽ አላት። በ1972 ተወዳድሯት በሰፊ ልዩነት ቢሸነፍም ጥያቄው ግን አልሞተም። እሷ ከሄደች በኋላ የቴክሳስ ሴኔት ለአሥር ዓመት ያህል አንድም ጥቁር አልነበረበትም።

በ1975ም የቀድሞው ገዥ ጆን ኮናሊ በጉቦ ተከሶ ሲቀርብ መልካም ስሙን ለመመስከር ፍርድ ቤት ቀረበች። ሰውዬው ነፃ ወጣ። ለሲቪል መብት ወዳጅ ያልነበረ ሰው ነው። ከሴናተሮቹ ጋር ግብዣ ላይ ጊታር እየመታች ትዘፍንላቸው ነበር ይባላል። ይህ ሁሉ ከሥልጣን ጋር ለመወዳጀት አይደለም ወይ?

---

ሕግ አንባቢ

ተቺው ያነሳው የድልድል ጉዳይ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። አሥር ዓመት ያለ አንድ ጥቁር ሴናተር መቆየት እውነተኛ ጉዳት ነው። ኮሚቴው ውስጥ የነበራት ድምፅ ያንን ወንበር ለማዳን ይበቃ ነበር ወይ የሚለው ላይ ግን ከአንተ እለያለሁ። 31 ውስጥ አንድ ነበረች። ያኛውን ረቂቅ ያቆመችው አሥር ሰው ስለተከተላት ነው፤ የራሳቸውን ወንበር የሚነካ ካርታ ሲመጣ እነዚያው አሥሩ አይከተሉም።

ጊታሩን በተመለከተ፣ እነዚያ ሕጎች የተሠሩት ምሽት ላይ፣ እራት ላይ፣ አደን ላይ ነው። ሴት ናትና አትጠራም፤ ጥቁር ናትና አትጠራም። በሩን ከፍታ የገባችበትን መንገድ አልነቅፍባትም።

ኮናሊን ግን እኔም አልወደድኩላትም።

ደግሞ በዚያው በ1975 ያደረገችውን እይ። የመምረጥ መብት ሕጉ ሲታደስ ቴክሳስን እንዲጨምር፣ እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችሉ መራጮችም በቋንቋቸው የምርጫ ወረቀት እንዲዘጋጅ የታገለችው እሷ ናት። የገዛ ስቴቷ መንግሥት ተቃውሟት ነበር። ከሥልጣን ጋር መወዳጀት ብቻ ቢሆን ዓላማዋ ያን አትነካካውም ነበር።

---

ነርስ ሰብለ

የሕክምናውን ጎን ላንሳ፤ ሥራዬ ነውና።

በ1973 ኤም ኤስ እንዳለባት ተነገራት። ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ ነው፤ እግር ይከብዳል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ ድካሙ በእንቅልፍ አይለቅም። ዋሽንግተን ገና አንድ ዓመት አልሞላትም። ለሕዝብ አልተናገረችም። ጁላይ 25 ቀን 1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ተከስሶ ከሥልጣን ይነሳ ወይ በሚለው ጉዳይ በኮንግረሱ የፍትሕ ኮሚቴ ስትናገር ያያት አሜሪካ ሁሉ ያንን አያውቅም ነበር። ሕገ መንግሥቱ በ1787 ሲጠናቀቅ «እኛ ሕዝቦች» በሚለው ቃል ውስጥ እኔ አልነበርኩም አለች፤ ግን በሕገ መንግሥቱ ላይ ያለኝ እምነት ሙሉ ነው ብላ ቀጠለች። ቪዲዮውን ያላያችሁ እዩት። ቀስ ብላ፣ ቃሉን እያላመጠች ነው የምትናገረው።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር አለ። በማርች 1972 የቴክሳስ ሴኔት ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች። ልማዱ ገዥውና ምክትሉ አንድ ቀን ከስቴቱ ወጥተው ተጠባባቂው «የአንድ ቀን ገዥ» እንዲሆን ነው። የእሷ ቀን ጁን 10 ነበር። አሜሪካ ውስጥ የስቴት ገዥ ወንበር ላይ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን። አባቷ መጡ፣ ልጃቸውን እዚያ ወንበር ላይ አዩዋት። ያኑ ቀን ስትሮክ መታቸውና በማግስቱ አረፉ።

እኔ ራሴ ኦስቲን ምርቃቴን ስይዝ አባቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ነበር። ስለዚህ ያንን ቀን ሳነብ መቀጠል አቃተኝ።

---

ዲቪ 2006

ነርስ ሰብለ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሁላችሁም የምትሉትን እየተከታተልኩ ነው፤ ጥያቄዬን ግን ማንም አልነካውም።

---

ጋሽ ከዳላስ

እኔ ልመልስልህ ወንድሜ። የተናገርከው ልክ ነው።

የ1990 የኢሚግሬሽን ሕግ ሁለት ነገር ወልዷል፦ አንዱ ዲቪ፣ ሌላው ያ ኮሚሽን። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ወይዘሪት ጆርዳንን ሊቀመንበር አደረጓቸው። በ1995 ያቀረቡት ሐሳብ በዓመት 550 ሺህ ሰው ይግባ የሚል ነበር፤ 400 ሺህ ለቅርብ ቤተሰብ፣ 100 ሺህ ለሙያተኛ፣ 50 ሺህ ለስደተኛ። በዚህ ስሌት ውስጥ ለዲቪ የተተወ ቦታ አልነበረም፤ ለወንድምና ለእህትም አልነበረም። ኮንግረስ በ1996 ያንን ቅነሳ አልተቀበለውም። ቢቀበለው ኖሮ አንተም ብዙዎቻችንም እዚህ አንጻጻፍም ነበር።

ነገር ግን ሌላውንም ልንገርህ። ያው ሪፖርት ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ለማምጣት ዓመታት መጠበቁ ነውር ነው ይላል፤ ያ ወረፋ እስኪያልቅ በዓመት ተጨማሪ 150 ሺህ ቪዛ ይሰጥ ብሏል። እኔ ባለቤቴን የጠበቅኋት ስድስት ዓመት ነው። ልጄ ስትመጣ እጄን አልያዘችኝም፤ አላወቀችኝም። በዚያው ዓመት አንዳንድ ፖለቲከኞች ወረቀት የሌላቸው ሰዎች እዚህ የወለዷቸው ልጆች ዜግነት ይከልከሉ ሲሉ ኮንግረስ ፊት ቀርበው አይሆንም ብለው የተከራከሩትም እሳቸው ናቸው። የመጨረሻ ወራቸው ነበር ማለት ይቻላል፤ ጃኑዋሪ 17 ቀን 1996 በ59 ዓመታቸው አረፉ።

---

ዲቪ 2006

ጋሼ፣ ስለ ሚስትና ልጅ ያሉትን አላውቅም ነበር። እርስዎ ስድስት ዓመት የጠበቁት ሕመም ይገባኛል። እኔ ግን ወንድሜ ነው ያሳደገኝ። አባታችን ሲሞት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ መርካቶ ሸክም ተሸክሞ አስተማረኝ። «ቅርብ ቤተሰብ» ሲባል እሱ ውጭ ነው የሚቀረው። የቆራሊዮ የልጅ ልጅ፣ ከአያቷ ጋር ዕቃ እየለየች ያደገች ሴት፣ ይህን አልገባኝም ማለት ትችላለች ወይ? ይህን ነው የምጠይቃት።

---

ሕግ አንባቢ

ጥያቄህ ትክክል ነው፤ እኔም መልስ የለኝም። አንድ ሰው ፊፍዝ ዋርድን ነፃ ለማውጣት የሠራው ሥራ ትልቅ ሆኖ በእኛ ጉዳይ ላይ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ይዤ ነው የማከብራት።

---

የእንጦጦ ልጅ

ዲቪ 2006፣ እኔም የመጣሁት በዲቪ ነው። ይህን ሳነብ ሁለት ቀን ሐውልቷን ቀና ብዬ ሳላይ አልፌያለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን እነዚያ እናት ትዝ አሉኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ከኮንግረስ ከወጣች በኋላ እስክትሞት ድረስ ያስተማረችው ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥቁር እንዳይገባበት ሲባል የእሷ ትምህርት ቤት የተከፈተለት ያው ዩኒቨርሲቲ። ክፍሏ ስለሚሞላ ተማሪዎች በዕጣ ነበር የሚገቡት። በ1992 የዲሞክራቶች ጉባኤ ላይ የተናገረችው ዊልቸር ላይ ሆና ነው። የተቀበረችው በቴክሳስ ስቴት መካነ መቃብር ሲሆን እዚያ የተቀበረች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት።

ዊልቸር ላይ የነበረችበትን ፎቶ ሳይ መጀመሪያ ያየሁት እጀታውን ነው። ማን ነበር የሚገፋት እያልኩ።

---

ዲቪ 2006

ሐሙስ በኦስቲን በኩል ወደ ዴንቨር አልፋለሁ፤ ሦስት ሰዓት ያህል አለኝ። ሐውልቱ በየት በኩል ነው?

---

የእንጦጦ ልጅ

ፍተሻውን አልፈህ መውጣት አለብህ፤ ከታች ሻንጣ መቀበያው ፎቅ ላይ ነው። ለመመለስ እንደገና ስለምትፈተሽ ጊዜህን ቆጥብ። ሐሙስ ከሰዓት ገቢ ነኝ፤ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰች ሐበሻ ካየህ ጥራኝ፣ አብረን እንቆማለን።